ቤተሰብ ይዞ ቻይና መኖር፦ ስልኩን መልመድ ሦስት ወር ይበቃል፣ የቀረውስ?

 

ስለ ቻይና ባወራን ቁጥር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰናል። የአሜሪካውም፣ የጀርመኑም፣ የዱባዩም ሰው የሚጠይቀን ያው ነው፦ «ለንግድ ደርሶ መመለሱስ ይሁን፤ ሚስትና ልጅ ይዞ ቻይና መኖር ይቻላል ወይ?» ዛሬ ይህንን ከራሳችን ኑሮ ተነስተን እናብራራለን። እኛ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻችን ጋር ደቡብ ቻይና፣ ጓንዡ የገባነው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ነው። አባትየው በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ሥራ አግኝቶ ነው የመጣነው። ያኔ ሴቷ ልጃችን ዘጠኝ፣ ወንዱ ደግሞ አምስት ዓመታቸው ነበር።

አጭሩን መልስ ለምትፈልጉ፦ አዎ፣ ይቻላል። ስልኩን፣ ገበያውን፣ ባቡሩን በሦስት ወር ትለምዱታላችሁ። በየቪዲዮው የሚወራውም ይኸው የሦስት ወሩ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ግን ሰው ብዙ አያነሳውም። እኛም ስንመጣ የነገረን አልነበረም። ስለዚህ ሁለቱንም በተራ እንየው።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ቻይና ውስጥ ሥራ ያገኘ ሰው የሚገባበት ቪዛ «ዜድ» ይባላል። ባለቤቱና ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቹ የሚመጡበት ደግሞ «ኤስ 1» ነው። ሁለቱም በር መክፈቻ ብቻ ናቸው። በገባችሁ በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለባችሁ። የአዋቂዎቹ የጤና ምርመራ፣ የሥራ ፈቃዱ፣ የቤት ኪራይ ውሉ ሁሉ በዚያች አንድ ወር ውስጥ ይጨናነቃል።

ከዚያ በፊት ግን 24 ሰዓት የሚባል ነገር አለ። ከሆቴል ውጭ የሚያርፍ የውጭ ዜጋ በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ በአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ መመዝገብ ግዴታው ነው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2013 ጀምሮ የሚሠራበት የመግቢያና መውጫ ሕግ ያዘዘው ነው፤ ያላደረገ እስከ 2,000 ዩዋን ሊቀጣ ይችላል። ቤት ሲቀየርም እንደገና ነው። እኛ ከአዲስ አበባ ሌሊቱን በረን ገብተን፣ ልጆቹ እንቅልፍ እያዳፋቸው፣ ሻንጣ ሳንፈታ ፓይቹሱዎ ሄድን። ፓይቹሱዎ ማለት የሰፈር ፖሊስ ጣቢያ ነው። ከቻይንኛ መጀመሪያ የለመድነው ቃል እሱ ሆነ፤ «ሰላም» እና «አመሰግናለሁ» ኋላ ነው የመጡት።

እዚያው ጣቢያ የመጀመሪያው ጣጣ ገጠመን፤ የስም ጣጣ። ቻይናዊት ብታገባም ስሟን አትቀይርም፤ ስለዚህ ባልና ሚስት የተለያየ ስም መያዛቸው ለነሱ አይደንቅም። ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአባቱን የቤተሰብ ስም ይይዛል። የእኛን ፓስፖርት ስታዩት ደግሞ በቤተሰብ ስም ቦታ የሚገባው የአያት ስም ነው። የአባትየው የራሱ አያት ስም፣ የልጆቹ ደግሞ የነሱ አያት ስም። ፖሊሱ አራት ፓስፖርት ዘርግቶ አየን፤ አባትና ልጅ እንኳ ስማቸው አይገናኝም። «ልጆቹ ያንተ ናቸው?» አለ። ያዳነን የተረጋገጠው የልደት ሰርተፍኬት ነው። ልጅ ይዛችሁ የምትመጡ ሁሉ የጋብቻና የልደት ሰርተፍኬታችሁን አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በቻይና ኤምባሲ ሳታስመሰክሩ እንዳትነሱ። እዚህ ሆኖ ማስላክ ወራት ይፈጃል።

ስልክ የሌለው ሰው ሰው አይደለም

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እዚህ ሲም ካርድ የሚወጣው በፓስፖርትና ፊት በካሜራ ተነስቶ ነው። ያ ቁጥር ከባንክ ሒሳብ ጋር፣ ባንኩ ከዊቻትና ከአሊፔይ ጋር፣ እነሱ ደግሞ ከታክሲው፣ ከባቡር ትኬቱና ከሐኪም ቤቱ ጋር ይያያዛሉ። ጎመን የምትሸጠዋ እናት ሳትቀር ኪው አር ኮዷን በካርቶን ላይ ለጥፋ ነው የምትውለው። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ሁሉም ይቆማል። የእኛ የተበጠሰው አሁንም በስም ነው፦ ባንኩ ስማችንን በአንድ ቅደም ተከተል፣ የስልክ ድርጅቱ በሌላ ጻፉት፤ ሲስተሙ ሁለቱን ሰው አንድ አይደሉም ብሎ እምቢ አለ። ስለዚህ በሄዳችሁበት ሁሉ ስማችሁ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ክፍተቱ ሳይቀር፣ መጻፉን አይታችሁ ፈርሙ።

ከውጭ ይዛችሁት የምትመጡት ቪዛ ወይም ማስተርካርድ አሁን ከዊቻትና ከአሊፔይ ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚከፈለው ጣሪያ ከ1,000 ወደ 5,000 ዶላር ከፍ ብሏል። ከ200 ዩዋን በላይ በሆነ ክፍያ ላይ ግን ተጨማሪ እንደሚቆረጥባችሁ እወቁት። የወረቀት ብር አልቀበልም ማለት በአገሪቱ ብሔራዊ ባንክ የተከለከለ ነው፤ ቢሆንም ለመቶ ዩዋን መልስ የሚሆን ዝርዝር የሌለው ሱቅ ይበዛል።

ሌላው ኢንተርኔቱ ነው። ጉግል፣ ዩቲዩብ፣ ፌስቡክ፣ ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም እዚህ አይከፈቱም። ቪፒኤን ያለ ፈቃድ መጠቀም በሕግ የተከለከለ ነው። አያቶች ጋ በምን ትደውላላችሁ? በዊቻት ነው። ዊቻት አዲስ ሰው ሲመዘገብ አብዛኛውን ጊዜ ነባር ተጠቃሚ እንዲያረጋግጥለት ይጠይቃል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት እናታችሁ ስልክ ላይ ጭናችሁ፣ አስመዝግባችሁ፣ አንድ ሁለቴ ደውላችሁ አስለምዷቸው። እኛ ይህን ሳናደርግ መጥተን ሦስት ሳምንት የልጆቹን ድምፅ ያልሰማች አያት ምን እንደምትሆን አየን። «ደህና ብትሆኑ ነው ወይስ እየደበቃችሁኝ ነው?» ነበር ጥያቄዋ።

ሰዓቱንም እንንገራችሁ። ቻይና ያን ያህል ስፋት ይዛ በአንድ ሰዓት ነው የምትሠራው፤ ከአዲስ አበባ 5 ሰዓት ትቀድማለች። አዲስ አበባ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ማለታችን ነው። ልጆቹ ከመተኛታቸው በፊት፣ በምሽቱ 3 ሰዓት ስንደውል፣ አያታቸው ጋ የከሰዓት በኋላው 10 ሰዓት፣ ቡናዋ የሚፈላበት ሰዓት ነው። ደስ የሚል አጋጣሚ ነው።

ገበያና ምጣድ

ገበያ ስትገቡ መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ ቃል «ጂን» ነው። የተለጠፈው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ጂን ነው፤ አንድ ጂን ደግሞ 500 ግራም፣ ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። እኛ የመጀመሪያውን ሳምንት «ሽንኩርቱ እንዴት ርካሽ ነው!» እያልን ግማሹን እየገዛን ሙሉ መስሎን ስንገባ ሰነበትን። ሻጮቹ ከስድስት እስከ አሥር ያለውን ቁጥር በአንድ እጅ ጣት ነው የሚያሳዩት። አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ከተዘረጉ ስድስት ነው፤ አውራና ጠቋሚ ከሆኑ ስምንት። ልጆች በአንድ ቀን ይይዙታል።

ለጾም ሰው ቻይና በቶፉና በቅጠላ ቅጠል የተባረከች አገር ናት፤ ችግሩ ጎመኑ በአሳማ ስብ ወይም ኦይስተር በሚባለው የባሕር ነገር ወጥ መጠበሱ ነው፤ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሙስሊም ወገኖቻችን «ቺንግዠን» የሚል ጽሕፈት ያለበትን ምግብ ቤት ይፈልጉ፤ ሐላል ማለት ነው፣ በእጅ የሚጎተት የላንዡ ኑድል የሚሸጥበት ቤት በየሰፈሩ አለ። ጓንዡ ራሷ ሁዋይሸንግ የተባለው፣ በቻይና ካሉት እጅግ ጥንታዊ መስጊዶች አንዱ ያለባት ከተማ ናት።

እንጀራችን ከአገር ቤት በሻንጣ ከመጣ ጤፍ ዱቄትና ከሩዝ ዱቄት የተደባለቀ ነው። ጓንዡ ሞቃትና እርጥብ ስለሆነች አዲስ አበባ ሦስት ቀን የሚፈልገው ሊጥ እዚህ በአንድ ቀን ይገነፍላል። በማርችና በኤፕሪል ደግሞ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል፤ ወለሉ ውሃ ይተፋል። የመጀመሪያው ዓመት በርበሬያችን በዚያ ሻገተ። አሁን በርበሬና ሽሮ የሚቀመጠው ፍሪዘር ውስጥ ነው።

ቡናው ግን ጎረቤት አመጣልን። አንድ እሑድ እናትየው ቡና ስትቆላ ጭሱ በበር ስር ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ጥበቃው እሳት መስሎት እየሮጠ መጣ፤ ከኋላው ደግሞ ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት አሮጊት ሴት። ሁለቱንም አስገብተን አስቀመጥናቸው። ጥበቃው ሥራ ላይ ነኝ ብሎ አንድ ሲኒ ጠጥቶ ሄደ፤ አሮጊቷ እስከ በረካ ድረስ ቆዩ። ከዚያ ወዲህ እኛም «እማማ» እንላቸዋለን፤ እሳቸውም ሊፍት ውስጥ ልጆቹን ባዩ ቁጥር «ሙቅ ውሃ ጠጣችሁ?» ይላሉ። ሙቅ ውሃ እዚህ ለሆድ ቁርጠትም፣ ለጉንፋንም፣ ለሐዘንም መድኃኒት ነው።

ትምህርት ቤት፦ እውነተኛው ምርጫ

ቤተሰብ ይዞ ለሚመጣ ሰው ትልቁ ወጪም ትልቁ ውሳኔም ይሄ ነው። በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች በትልልቆቹ ከተሞች ለአንድ ልጅ በዓመት ከ200 ሺህ ዩዋን በላይ የሚያስከፍሉ ብዙ ናቸው። መሥሪያ ቤታችሁ ካልከፈለላችሁ እሱ ለእኛ ዓይነቱ ሰው አይታሰብም። ሁለተኛው መንገድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የውጭ ዜጋ ልጅ የሚቀበሉ አሉ፤ የመኖሪያ ፈቃድ፣ በዚያው ሰፈር ያለ የኪራይ ውል፣ የክትባት ካርድ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን አጣሩ። እኛ በተቃራኒው አድርገን ውል አፍርሰን ሁለተኛ ቤት ተከራይተናል፤ የአንድ ወር መያዣችንም በዚያው ቀረ።

ሴቷ ልጃችን አገር ቤት አራተኛ ክፍል መግባት የሚገባት ሁለተኛ ክፍል ገባች። 231ዱን ፊደል ከነድቃላው ለይታ የጨረሰች ልጅ እንደገና ማይም ሆነች። የቻይና አንደኛ ደረጃ ተማሪ ስድስተኛ ክፍልን ሲጨርስ 3,000 ያህል ምልክት ማንበብ፣ 2,500 ያህሉን መጻፍ ይጠበቅበታል። የመጀመሪያውን ስድስት ወር ማታ ማታ እያለቀሰች ነው ያለፈችው። «እዚያ ጎበዝ ነበርኩ» ትል ነበር። ወንዱ ግን መዋዕለ ሕፃናት ስለገባ በጨዋታ ለመደው። ከምሳ በኋላ ሁሉም ልጅ ተነጥፎለት ይተኛል፤ እሱም እሑድ ቤት ሆኖ በስድስት ሰዓት ተኩል ትራሱን ይዞ ይመጣ ጀመር።

የወላጅም ትምህርት አለ። መምህሯ የክፍሉን ወላጆች ሁሉ በዊቻት ግሩፕ ሰብስባለች። የቤት ሥራው፣ የክትባቱ ቀን፣ የነጭ ካልሲው ትእዛዝ ሁሉ በዚያ ይመጣል። አንብበናል ለማለት «ሾውዳኦ» ብሎ መመለስ ያስፈልጋል፤ «ደርሶኛል» ማለት ነው። አርባ ወላጅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ «ሾውዳኦ፣ ሾውዳኦ» ይላል። እኛ በትርጉም መተግበሪያ ስናነብ ሁሌም መጨረሻ ነበርን። አንድ ቀን መተግበሪያው «ነገ ልጆቹ ቅጠል ይዘው ይምጡ» ያለውን «ነገ ልጆቹ ይረግፋሉ» ብሎ ተረጎመልንና ደንግጠን ትምህርት ቤት ሄደናል።

ከሦስት ወር በኋላ

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር መጣን።

በሁለተኛው ክረምት እናትየው ሆዷን በጣም ታመመች። አባትየው ለሥራ ሌላ ከተማ ነበር። እዚህ ሕመም ሲመጣ የሚኬደው ወደ ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። መጀመሪያ «ጓሃኦ» ማድረግ አለባችሁ፤ ክፍል መርጦ፣ ከፍሎ፣ ተራ መያዝ ማለት ነው። ከዚያ ሐኪም ታያላችሁ፤ ለምርመራው ትከፍላላችሁ፤ ትመረመራላችሁ፤ ለመድኃኒቱ ትከፍላላችሁ። ሁሉም ፈጣን ነው፣ ሁሉም በስልክ ነው፣ ሁሉም በቻይንኛ ነው። አስተርጓሚዋ የአሥር ዓመቷ ልጃችን ነበረች። ሐኪሙ ለእናት የሚጠየቅ ጥያቄ ሁሉ ልጅቷን ጠየቃት። የወር አበባዋን፣ እርግዝና እንዳለ እንደሌለ፣ ደም እንዳየች። ልጅቷ ቃሉን በአማርኛ አታውቀውም፤ በቻይንኛም ያን ቀን ነው የሰማችው። ሕመሙ የሐሞት ጠጠር ሆኖ ተገኘ፣ ታክሞ አለፈ። እናትየው ግን ዛሬም የምታስታውሰው ሕመሙን ሳይሆን ልጇ ከሐኪሙ ጋር እየተነጋገረች ወደ እሷ ለመተርጎም ቃል አጥታ ዝም ያለችባትን ጊዜ ነው።

ነገሩ የገባን ያን ዕለት ነው። ልጅቷ ቻይንኛ ስትጨምር አማርኛዋ እየቀነሰ ነበር፤ እኛ ደግሞ ስለ ቻይንኛዋ ስንኮራ አላየነውም። ከወንድሟ ጋር የሚጣሉት በቻይንኛ ነው። ሁለቱ እኛ እንዳንሰማ የሚንሾካሾኩት በቻይንኛ ነው። ወላጅ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሲሆን ታውቃላችሁ አይደል? አሜሪካና ስዊድን ያላችሁ ይህን ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ልዩነቱ፣ እናንተ ልጆቻችሁ የሚያድጉበት አገር ዜግነትም ይሰጣቸዋል። እዚህ ግን የለም።

ይህንን ነጥብ በደንብ እንየው። በ2020 (እ.ኤ.አ.) ሕዝብ ቆጠራ በዋናው ቻይና የተቆጠሩት የውጭ ዜጎች 845,697 ነበሩ። ከ1.4 ቢሊዮን በላይ ሕዝብ ውስጥ፣ ከሺህ ሰው አንድ እንኳ አይሞሉም ማለት ነው። ቋሚ መኖሪያ የሚባል ካርድ ከ2004 ጀምሮ አለ፤ ግን በ2016 በሙሉ ያገኙት 1,576 ሰዎች ብቻ ነበሩ። በ1980 የወጣው የዜግነት ሕግ ድርብ ዜግነት አይቀበልም፤ ከውጭ ዜጋ ወላጆች እዚህ የሚወለድ ልጅም በመወለዱ ብቻ ቻይናዊ አይሆንም። ልጆቻችን በእኛ ፈቃድ ጥገኛ ሆነው መኖር የሚችሉት እስከ 18 ዓመታቸው ነው። ከዚያ በራሳቸው የተማሪ ቪዛ ማግኘት፣ አለዚያ መሄድ ነው። የእኛም ፈቃድ በአባትየው ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ሥራው ከቆመ የአራታችንም ወረቀት ይቆማል። የባሕረ ሰላጤው ወገኖቻችን ይህን ሲሰሙ ነገሩ አዲስ አይሆንባቸውም።

የእናትየው ነገርም አለ። አዲስ አበባ የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። በኤስ 1 መጥቶ የመኖሪያ ፈቃድ የያዘ ሰው መሥራት አይፈቀድለትም። ለመሥራት የራሷን አሠሪና የራሷን የሥራ ፈቃድ ማግኘት አለባት። «መዋዕለ ሕፃናት እንግሊዝኛ ታስተምር፣ ማን ያያታል?» የሚሉ ደላሎች ብዙ ናቸው። አትስሟቸው። ያለ ፈቃድ የሠራ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል፤ ነገሩ ከበድ ካለ ከ5 እስከ 15 ቀን ይታሰራል፤ ከአገር መባረርም አለ። ደላላው አብሯችሁ አይታሰርም። ስለዚህ ቻይና ከመምጣታችሁ በፊት ባልና ሚስት ቁጭ ብላችሁ በአንድ ደመወዝ መኖራችሁን፣ አንዳችሁ ሙያችሁን አስቀምጣችሁ መምጣታችሁን ተነጋገሩ። እኛ ሳንነጋገር መጥተን የተነጋገርነው ተጣልተን ነው።

እንግዳው እኛ ብቻ አይደለንም

ስለ ሰዉ ትጠይቁናላችሁ። እውነቱን እንናገር። የልጆቹን ፀጉር መንካት የሚፈልግ፣ ሳይጠይቅ ፎቶ የሚያነሳ ብዙ ነው፤ አብዛኛው ክፋት የለበትም፣ ልጅ ግን ይሰለቻል። «ቡ ኮዪ» ማለትን አስተማርናቸው፤ «አይቻልም» ማለት ነው። በ2020 በኮሮናው ጊዜ እዚሁ ጓንዡ አፍሪካውያን ከተከራዩት ቤት የተባረሩበት፣ ሆቴል የተከለከሉበት ሁኔታ ነበር፤ በቤጂንግ የአፍሪካ አምባሳደሮች ለቻይና ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ደብዳቤ እስከ መጻፍ ደርሰዋል። እዚህ ከቆዩ ወገኖች ያን ጊዜ የረሳ የለም። በሌላ በኩል ሌሊት ሴት ልጅ ብቻዋን የምትሄድበት፣ የረሳችሁትን ስልክ ባለታክሲው የሚመልስበት ከተማ ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

እኛን ግን ከሁሉ ያስተማረን ያ ቡና ሲቆላ እየሮጠ የመጣው ጥበቃ ነው። የሁናን ክፍለ ሀገር ሰው ነው። ሴት ልጁ የእኛዋ እኩያ ናት፤ እሱ ጓንዡ ሲሠራ እሷ ከአያቷ ጋር ገጠር ትኖራለች። ለምን እንደማያመጣት ስንጠይቀው «ሁኮው» አለን። ሁኮው የቤተሰብ ምዝገባ ነው፤ እያንዳንዱ ቻይናዊ የተመዘገበበት ቦታ አለው፣ የመንግሥት ትምህርትና ሕክምናም በዚያ ምዝገባ ይወሰናል። ከትውልድ ቀዬው ወጥቶ ከተማ የሚሠራ ሰው ልጁን ከተማ ትምህርት ቤት ለማስገባት እንደ እኛው ወረቀት መደርደር አለበት፤ ብዙዎቹም አይሳካላቸውም። በ2023 እንዲህ ያሉ ከገጠር የወጡ ሠራተኞች ወደ 298 ሚሊዮን ይጠጉ ነበር። በቻይና አዲስ ዓመት ጓንዡ ጭር የምትለው ለዚህ ነው፤ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ሰዉ ልጁን ለማየት ይሄዳል። ጥበቃው በዓመት አንዴ ነው ልጁን የሚያያት።

ልጆቿን ለእናቷ ትታ ቤሩት ወይም ጅዳ የምትሠራ እህታችን ይህን ታሪክ ተርጓሚ ሳትፈልግ ትረዳዋለች። እኛም ያን ቀን በወረቀታችን ማማረር ቀነስን። ወረቀቱ ቢያስቸግርም አራታችን በአንድ ጣራ ሥር ነን።

ታዲያ ምን አደረግን?

ከሆስፒታሉ በኋላ ሦስት ነገር ወሰንን። አንደኛ፣ እራት ላይ አማርኛ ብቻ። የአማርኛ ቃል የጠፋው ሰው ይጠይቃል፣ እኛም ቻይንኛውን ከልጆቹ እንጠይቃለን፤ እንዲህ ሲሆን የተማሪና የአስተማሪ ተራ ይለዋወጣል፣ ልጅም አያፍርም። ሁለተኛ፣ ልጅቷን ለአዋቂ ጉዳይ ማስተርጎም አቆምን። እናትየው ማታ ማታ ቻይንኛ መማር ጀመረች፤ ለሐኪም ቤት ደግሞ ምልክቶቹን በሁለቱም ቋንቋ ጽፈን ስልክ ላይ አስቀመጥን። ሦስተኛ፣ ቀን ቆረጥን። ሴቷ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ከመግባቷ በፊት እንቀጥላለን ወይስ እንመለሳለን የሚለውን እንወስናለን። ቀን የሌለው ስደት ልጅን መሃል ላይ ያስቀረዋል።

ለመምጣት የምታስቡ ካላችሁ ከላይ ካልነው ላይ እነዚህን ጨምሩበት፦

- የልጆቻችሁን የትምህርት ማስረጃ ዋናውን ይዛችሁ ኑ። በየዓመቱም እዚህ የሚሰጠውን ውጤት ማኅተም አስደርጋችሁ አስቀምጡ፤ ስትመለሱ የሚጠየቀው እሱ ነው።
- የመኖሪያ ፈቃድ ከፓስፖርት ዕድሜ አያልፍም። ፓስፖርታችሁ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ዓመት ሲቀረው እድሳቱን ጀምሩ። ቤጂንግ ካለው ኤምባሲ ሌላ ጓንዡና ሻንጋይ ቆንስላ አለን።
- ፈቃድ ያለፈበት ሰው በቀን 500 ዩዋን፣ እስከ 10,000 ይቀጣል። የሚያልቅበትን ቀን በር ላይ ለጥፉት።
- ዕድሜው 16 የሞላ የውጭ ዜጋ ፓስፖርቱን ይዞ መንቀሳቀስ አለበት።
- ፖሊስ 110፣ አምቡላንስ 120 ነው። ልጆቻችሁ የቤታቸውን አድራሻ በቻይንኛ እንዲሸመድዱት አድርጉ።

ባለፈው ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ፈቃድ ለማሳደስ ተሰልፈን ነበር። የመስኮቱ ሠራተኛ አራቱን ፓስፖርት ዘርግቶ እንደተለመደው ግራ ተጋባ። ልጅቷ አፏን ልትከፍት ስትል እናትየው እጇን ያዘቻትና በዚያ በተሰባበረ ቻይንኛዋ ራሷ አስረዳች፦ በእኛ አገር ልጅ የአባቱን ስም ይይዛል፣ ከዚያ የአያቱን፤ የቤተሰብ ስም የሚባል የለንም። ሠራተኛው ትንሽ አሰበና ማኅተሙን መታ። ስንወጣ ልጅቷ «እማዬ፣ አንዱን ቃል ተሳስተሻል» አለች። «የቱን?» ስትላት በአማርኛ አስረዳቻት፤ ረጅም ነበር፣ ቃልም አልጠፋባትም።

እናንተ ባላችሁበት አገር የልጆቻችሁን ቋንቋ እንዴት እንደያዛችሁት ጻፉልን፤ እኛም ገና ተማሪዎች ነን።